ቀለም ወዳዱ ሐኪም፤ የፓውል ኤርሊኽ የሕይወት ታሪክ

ታላላቅ ሰዎች ሁሉ በልጅነታቸው የክፍላቸው አንደኞች ነበሩ ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። አንዳንዱ በትምህርቱ ሁሉ ይበልጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይወድና ያንኑ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ሳይለቅ ይከተለዋል። ታሪኩን የምጽፍለት ጀርመናዊው ሐኪም ፓውል ኤርሊኽ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነው። የወደደውም ነገር ቀለም ነበረ።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ የተነሣ አንድ ጥያቄ ነው። መምህራችን ስለ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲያስረዱን፥ ነቀርሳ የሆነውንና ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ እየፈለጉ የሚያጠፉ፥ ተፈጥሯዊ ገዳይ የሚባሉ ሕዋሳት በደማችን ውስጥ እንዳሉ ነገሩን። አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ ሁሉም በማጉያ መነጽር ሲታዩ እንደ ውሃ ጠብታ ክብ ከሆኑ ገዳዩ ከማይገድለው በምን ይለያል ብሎ ጠየቀ። መምህራችንም የመልሱ መጀመሪያ ከመቶ ዓመት በፊት በሞተ አንድ ሰው ታሪክ ውስጥ እንደሚገኝ ነግረውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ላኩን። እኔም ያገኘሁትን እነሆ ለአንባቢያን አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፓውል ኤርሊኽ መጋቢት 14 ቀን 1854 ዓ.ም. ሽትሬለን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ ያን ጊዜ የጀርመኖች ነበረች፤ ዛሬ ግን በፖላንድ ውስጥ ናት። ወላጆቹ አይሁድ ነበሩ። ብሬስላው በሚባለው ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲከታተል ሒሳብና ላቲን ይወድ ነበር፤ የጀርመንኛ ድርሰት ግን እጅግ ያስቸግረው ነበር። አንድ ጊዜ ሕይወት ሕልም ነው በሚል ርዕስ ድርሰት እንዲጽፉ ታዘው፥ እሱ ሕልም ማለት በአንጎል ውስጥ የሚደረግ የኬሚካል መቃጠል ነው ብሎ ጽፎ መምህሩን እንዳስቆጣና ዝቅተኛ ማርክ እንዳገኘ ይነገራል። ድርሰት የሚያስቸግረን ተማሪዎች በዚህ ልንጽናና እንችላለን፤ ዳሩ ግን ልጁ ያን ጊዜም የሕይወትን ሥራ በኬሚካል ዓይን ይመለከት እንደ ነበረ ልብ እንበል።

የእናቱ ዘመድ የሆነው ካርል ቫይገርት ባክቴሪያን በቀለም ከነከሩት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዱ ነበረ። ኤርሊኽ ከዚህ ዘመዱ የቀለምን ነገር ተማረ። በዚያ ዘመን የጀርመን ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ልዩ ልዩ ቀለም እያወጡ ለልብስ ማቅለሚያ ይሸጡ ነበር። ሕክምና ሊማር ዩኒቨርሲቲ የገባው ወጣት ግን ቀለሙን ለልብስ ሳይሆን ለሥጋ ፈለገው። በሽትራስቡርግ ሲማር ጠረጴዛው በቀይ፥ በሰማያዊና በቢጫ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሮ ይታይ ነበር። ታዋቂው ሮበርት ኮኽ ብሬስላውን በጎበኘ ጊዜም፥ ይህ ልጅ በማቅለም ብልህ ነው፤ ፈተናውን ግን ከቶ አያልፍም ተብሎ እንደ ተነገረው ይወራል።

ፈተናውን ግን አለፈ። በ1878 ዓ.ም. በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ሲቀበል የጻፈው ጽሑፍም ስለ ቀለም ነበረ። ከዚያ በኋላ በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ተቀጥሮ ደም መመርመር ጀመረ። ያን ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳት አንድ ወገን ይመስሉ ነበር። ኤርሊኽ ደሙን በመስተዋት ላይ በስሱ ቀብቶ በሙቀት አድርቆ በቀለም ሲነክረው፥ አንዱ ሕዋስ አሲድነት ያለውን ቀለም፥ ሌላው ተቃራኒውን፥ ሦስተኛው ገለልተኛውን እንደሚመርጥ አየ። በዚህም ዘዴ ነጮቹ ሕዋሳት በየነገዳቸው ተለዩ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የነጭ ደም ሕዋሳት በየዓይነታቸው የሚቆጠሩት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

እንግዲህ ኤርሊኽን እንቅልፍ የነሣው ጥያቄ ይህ ነው። ቀለሙ አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይተዋል? ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ የኬሚካል ምክንያት መኖር አለበት ብሎ አመነ። የቀረው የሕይወቱ ሥራ ሁሉ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው።

በ1882 ዓ.ም. ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ተሐዋሲ ማግኘቱን በበርሊን ሲያስታውቅ ኤርሊኽ በስብሰባው ነበረ። ወዲያውኑም ወደ ላቦራቶሪው ተመልሶ ተሐዋሲውን የሚያቀልም የተሻለ ዘዴ አገኘ። ዳሩ ግን ያው ጠላት ኋላ በራሱ ላይ ተነሣ። ሳል ይዞት በ1888 ዓ.ም. አክታውን በራሱ ዘዴ ነክሮ ቢመረምረው የሳንባ ነቀርሳ ተሐዋሲ አገኘበት። ወጣት ሚስቱን ሄድቪግን ይዞ ደረቅ አየር ፍለጋ ወደ ግብፅ ሄደ፤ በ1889 ዓ.ም. ድኖ ሲመለስ ግን ሥራ አልነበረውም። በአይሁድነቱ ምክንያት የዩኒቨርሲቲ ወንበር ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሆኖም ተስፋ ሳይቆርጥ በበርሊን ትንሽ ላቦራቶሪ ለራሱ አቋቁሞ ከአይጦች ጋር ሥራውን ቀጠለ።

በዚያ ጊዜ ያደረገው ሙከራ ለእኛ አገር ሰው በቀላሉ የሚገባ ነው። በየጓሮአችን የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ሪሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አለበት። ኤርሊኽ ይህን መርዝ እጅግ በጥቂቱ ከምግብ ጋር እየቀላቀለ፥ መጠኑንም ቀስ በቀስ እየጨመረ ለአይጦች ሰጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ እነዚያ አይጦች ሌላውን አይጥ ወዲያው የሚገድለውን መጠን ተቀብለው በሕይወት ቆሙ። ነገር ግን ሪሲንን የለመደች አይጥ አብሪን የተባለ ሌላ የዕፅ መርዝ ሲሰጣት ሞተች። እንግዲህ መከላከያው ለአንዱ መርዝ ብቻ የተለካ ነው ማለት ነው። ደግሞም መከላከያ ያላት እናት አይጥ ለግልገሎቿ በወተቷ እንደምታካፍላቸው አረጋገጠ። በደም ውስጥ ያለው ይህ መከላከያ ዛሬ ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ ይባላል።

በ1890 ዓ.ም. ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ መከላከያ ካገኘ እንስሳ የተወሰደ ሴረም ሌላውን እንደሚያድን አስታውቀው ነበር። ዘጊ አናዳ የሚባለው የጉሮሮ በሽታ በዚያ ዘመን በኤውሮፓ ብዙ ሕፃናት ይፈጅ ስለ ነበረ ወላጆች ሁሉ ሴረሙን በጉጉት ይጠብቁ ነበር። ችግሩ ግን የአንዱ ፈረስ ሴረም ብርቱ፥ የሌላው ደካማ መሆኑ ነው። ሚዛን በሌለበት ገበያ ገዥው እንደሚጎዳ፥ መለኪያ በሌለው መድኃኒትም ሕፃኑ ይጎዳል። ኤርሊኽ አንድ ሴረም በደንብ አድርቆ አየር በሌለበት ጠርሙስ አስቀመጠና ሌላው ሁሉ በእሱ እንዲለካ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ስንት አሐድ እንደሚሰጥ ዐወቀ። ከዚሁ ሥራ በተገኘው ገንዘብና ክብር ግን ቤሪንግና ኤርሊኽ ተቀያየሙ፤ ቤሪንግ በለጸገ፥ ኤርሊኽም እንደ ተበደለ ቈጠረው። ታላላቅ ሊቃውንትም ሰዎች ናቸውና ይህን መሸሸግ አያስፈልግም።

በ1897 ዓ.ም. ኤርሊኽ አሳቡን ሁሉ በአንድ ላይ አሰናድቶ አቀረበ። ሕዋስ በላዩ ላይ ብዙ እጆች አሉት፤ መርዙም ቁልፍ በመቆለፊያው እንደሚገባ ከሚስማማው እጅ ጋር ይያያዛል። ሕዋሱ የተያዘበትን እጅ ለመተካት ከሚያስፈልገው በላይ ያበቅላል፤ ትርፉም ተቆርጦ በደም ውስጥ ይፈስሳል። በደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ይኸው የተቆረጠ እጅ ነው አለ። እነዚህን እጆች ኋላ ተቀባይ ብሎ ሰየማቸው። ዛሬ ፀረ እንግዳ አካልን የሚሠሩት አንዳንድ የተለዩ ነጭ ሕዋሳት እንጂ ሁሉም ሕዋስ አለመሆኑ ታውቋል፤ ስለዚህ አሳቡ በዝርዝሩ ተስተካክሏል። ሆኖም በሕዋስ ላይ ተቀባይ አለ፥ ተቀባዩም የሚስማማውን ብቻ ይይዛል የሚለው ሥር እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። በ1908 ዓ.ም. ከሩሲያዊው ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤልን ሽልማት የተቀበለው ለዚህ ሥራው ነው።

በ1899 ዓ.ም. ወደ ፍራንክፈርት ከተማ ተዛውሮ የአንድ ትልቅ የምርምር ተቋም አለቃ ሆኖ ነበር። የሚያውቁት ሰዎች ስለ ጠባዩ ብዙ ይተርኩ ነበር። ሲጋራ ከአፉ አይጠፋም፤ የሲጋራውን ሣጥን በብብቱ ይዞ ይዞር ነበር። ለረዳቶቹ የየቀኑን ሥራ ባለ ቀለም በሆኑ ትናንሽ ወረቀቶች ጽፎ ያድላል። አሳብ ሲመጣለት ወረቀት ካጣ በጠረጴዛ ልብስ ላይ ሳይቀር ይሥላል። እንዳይረሳ ለራሱ ፖስታ ካርድ ይልክ ነበር ይባላል።

በፍራንክፈርት ከሠራው ሥራ ብዙዎች የማያነሡት አንድ ነገር አለ። ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ የአይጥን ነቀርሳ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዛወረ ይመረምር ነበር። አንዳንዷ አይጥ ነቀርሳው ያድግባታል፤ ሌላዋ ግን ታጠፋዋለች። ከዚህም የተነሣ በ1909 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ በሰውነታችን የነቀርሳ ዘር ብዙ ጊዜ ሳይበቅል አይቀርም፤ የሰውነት መከላከያ ባያጠፋው ኖሮ ነቀርሳ እጅግ በበዛ ነበር የሚል አሳብ አቀረበ። የሚያጠፋው ማን እንደ ሆነ ግን በዚያ ዘመን የሚታወቅበት መሣሪያ አልነበረም።

ኤርሊኽን በዓለም ሁሉ ያስጠራው የቂጥኝ መድኃኒት ነው። ቀለም አንዱን ሕዋስ ብቻ መርጦ ከያዘ፥ ተሐዋሲውን ብቻ መርጦ ገዳዩን የሚያደርስ መድኃኒትም ሊገኝ ይገባል ብሎ አሰበ። በ1904 ዓ.ም. ከጃፓናዊው ሺጋ ጋር፥ በሰው የእንቅልፍ በሽታ በከብት ደግሞ ገንዲ ከሚያመጡት ተሐዋስያን ወገን የሆነውን በአይጥ ደም ውስጥ የሚያጠፋ ቀይ ቀለም አገኙ። ቀጥሎም አርሰኒክ ያለበትን ኬሚካል ኬሚስቱ ቤርትሃይም እየለዋወጠ ሲሠራ፥ ሌሎቹ በእንስሳ ላይ ይሞክሩት ነበር። በ606 ቁጥር የተመዘገበው አስቀድሞ ተሞክሮ አይጠቅምም ተብሎ ተትቶ ነበር። በ1909 ዓ.ም. ሳሃቺሮ ሃታ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም መጥቶ የተጣለውን ሁሉ እንደ ገና በትዕግሥት ቢፈትን፥ 606 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥንቸሎች ሲያድን ተገኘ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው ነው።

መድኃኒቱ በ1910 ዓ.ም. ታወጀ፤ ሳልቫርሳንም ተባለ። ኤርሊኽ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ወደ 65,000 የሚሆን መጠን ለሐኪሞች በነጻ አድሎ ውጤቱን እንዲጽፉለት ለመነ። ይሁን እንጂ አርሰኒክ አርሰኒክ ነው። መድኃኒቱ ከአየር ሲገናኝ ይበላሻል፤ አሰጣጡም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንዳንድ ሕመምተኞች ተጎዱ፤ የሞቱም ነበሩ። ኤርሊኽ ስለ እያንዳንዱ ጉዳት ዝርዝሩን እየጠየቀ መረመረ፤ በ1912 ዓ.ም. ለመስጠት የሚቀልል ሌላ ዓይነት አወጣ። ቢሆንም ጠላቶቹ ለትርፍ ሲል ሰው ይጎዳል፥ በሆስፒታልም ሕመምተኞች በግድ ይወጋሉ ብለው ከሰሱት። በ1914 ዓ.ም. ነገሩ ከፍርድ ቤት ደርሶ ስም አጥፊው ጋዜጠኛ የአንድ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ስሙ ቢጠራም የኤርሊኽ ጤና ግን ተሰበረ። በዚያው ዓመት ታላቁ ጦርነት ተነሥቶ ከውጭ አገር ወዳጆቹ ለየው፤ ቤርትሃይምም በጦርነቱ መጀመሪያ በአደጋ ሞተ። ኤርሊኽ ራሱ ነሐሴ 20 ቀን 1915 ዓ.ም. በባድ ሆምቡርግ በ61 ዓመቱ ዐረፈ፤ በፍራንክፈርትም በአይሁድ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ ደግሞ ስሙን ሊያጠፉ የተነሡ አሉ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙ ጊዜ አይሁድ ስለ ነበረ በስሙ የተሰየመውን መንገድ ስም ፋቁ፤ ባለቤቱም ከአገር ተሰደደች። ከጦርነቱ በኋላ መንገዱ ስሙን መልሶ አገኘ፤ በ1947 ዓ.ም. የመድኃኒት መርማሪው ተቋም በስሙ ተጠራ። ሰውን ከመንገድ ምልክት ላይ መፋቅ ይቻላል፤ ከሥራው ላይ ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ ልመለስ። በ1975 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው በስዊድንና በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች፥ ቀድመው ሳይለማመዱ ነቀርሳን የሚገድሉ ሕዋሳት በአይጥ ውስጥ እንዳሉ አስታወቁ፤ ተፈጥሯዊ ገዳይም ተባሉ። ሁለተኛው ጀርመናዊው ኬለርና አርጀንቲናዊው ሚልስታይን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ሞኖክሎናል የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ሠሩ። በሰውነት ውስጥ ልዩ ልዩ ፀረ እንግዳ አካላት ተደባልቀው ይገኛሉ። እነሱ ግን ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራውን ሕዋስ ከአይጥ ጣፊያ ወስደው፥ ያለ ማቋረጥ ከሚራባ የነቀርሳ ሕዋስ ጋር አዋሐዱት፤ ከዚያም ውሑዱን አንድ በአንድ ለይተው ለብቻው አራቡት። ከተደባለቀ እህል አንዲት ፍሬ መርጦ ለብቻዋ በመዝራት ማሳውን አንድ ዓይነት እንደ ማድረግ ነው። ለዚህም በ1984 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

በዚህ ፀረ እንግዳ አካል ላይ የሚያበራ ቀለም ሲያያዝበት የሚፈለገውን ተቀባይ የያዘው ሕዋስ ብቻ ያበራል። የኤርሊኽ ሁለት ፍቅሮች፥ ቀለምና ፀረ እንግዳ አካል፥ በአንድ መሣሪያ ተጋቡ ማለት ነው። በ1984 ዓ.ም. ፒኬ 136 የተባለ ሞኖክሎናል ተገኝቶ፥ ኤንኬ 1.1 የሚባለውን የገዳዮቹን ምልክት ይለይ ጀመር። በአይጧ ላይ ሲወጋም ገዳዮቹን ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ ያለ እነሱ ምን እንደሚሆን ማየት ተቻለ። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ምልክቱ በአንዳንድ የአይጥ ዘር ላይ በዚህ ፀረ እንግዳ አካል አይታወቅም፤ ገዳይ ባልሆኑ ጥቂት ሕዋሳትም ላይ ይገኛል። ስለዚህ ምንም የማይዝ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ጎን ለጎን ሳይፈተን ፍርድ አይሰጥም።

ገዳዩ ጤነኛውን ሕዋስ ለምን ይምራል? በ1986 ዓ.ም. በስዊድን ካሬና ባልደረቦቹ በአይጥ እንዳሳዩት፥ ገዳዩ የሚያጠቃው የቤተኝነት መታወቂያውን የጣለውን ሕዋስ ነው። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ዮኮያማና ባልደረቦቹ መታወቂያውን የሚያነብበውን ተቀባይ አገኙ፤ ስሙ ሊ-49 ኤ ነው። ይህ ተቀባይ ልጓም ነው፤ መታወቂያውን ሲነካ ገዳዩን ያስቆመዋል። ተመራማሪዎቹ ተቀባዩን በሞኖክሎናል ቢሸፍኑት ልጓሙ ተፈታ፤ ገዳዩም የማረውን ሕዋስ ገደለ። በ2001 ዓ.ም. ሊ-49 ኤች የተባለው ሌላ ተቀባይ በተቃራኒው ገዳዩን እንደሚያነሣሣ ታወቀ፤ እሱ በፀረ እንግዳ አካል ሲታገድ ሳይቶሜጋሎ የተባለውን ቫይረስ ይቋቋሙ የነበሩ አይጦች ለበሽታው ተጋለጡ። በሰው ላይ ይህን የልጓምና የማነሣሣት ሥራ በቅርጻቸው የተለዩ ሌሎች ተቀባዮች ይሠሩታል።

እንግዲህ የጓደኛችን ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ገዳዩ ከሌላው የሚለየው በላዩ ላይ በያዛቸው ተቀባዮች ነው፤ እኛም የምናያቸው ቀለም በተሸከመ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ተቀባይ የሚለውን ስም፥ ሕዋስን በቀለም መለየትን፥ ሰውነት ነቀርሳን ይከላከላል የሚለውንም አሳብ ያወረሰን ያ በድርሰት ዝቅተኛ ማርክ ያገኘ ልጅ ነው።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ እኔ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፥ ሌላው አይረባም ብሎ የጣለውን 606ን ሃታ እንደ ገና እንደ ፈተነው፥ የወደቀውን ነገር ደግሞ ማየት እንደሚገባ ነው። ሁለተኛው፥ ኤርሊኽ የመድኃኒቱን ጉዳት እየጠየቀ እንደ መዘገበ፥ ዐዋቂ ሰው የሚያኮራውን ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍረውንም መቁጠር እንዳለበት ነው። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንም ከመካከላችን አንዱ ደብተሩን በቀለም ሲያዥጎረጉር ቢያዩት፥ ከመቆጣታቸው በፊት ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።